ወንዙ ሳይሞላ መዘጋጀት፤ ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ከጋምቤላ የተወሰደ ትምህርት

ሰው ሁሉ በኑሮው ለማደግ ይመኛል። ነገር ግን ምኞትና ፍሬ እንደ ዘርና እንደ መከር የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ማረስ፣ አረም መንቀልና ወፍ መጠበቅ አለና። በዘመናችን ብዙ ወጣቶች ተቀጥሮ ደመወዝ ከመጠበቅ ይልቅ የራሳቸውን ንግድ፣ የራሳቸውን የእጅ ሥራ ወይም የራሳቸውን እርሻ ለማቋቋም ያስባሉ። እንዲህ ያለውን ሰው የዛሬው አማርኛ «ሥራ ፈጣሪ» ይለዋል። አሳቡ የተመሰገነ ነው፤ በራሱ እጅ ሠርቶ የሚያድር ሰው ለሌላው ሸክም አይሆንም፤ ከዚያም አልፎ ለሌላው እንጀራ ይከፍታልና።

ሆኖም የብዙዎቹ ሥራ በተጀመረ በዓመቱ ሲዘጋ፣ የእናትና የአባት ጥሪት ሲጠፋ፣ ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ እናያለን። ያን ጊዜ አንዱ ዕድሉን ይከሳል፤ ሌላው የገንዘብ ማነስን ምክንያት ያደርጋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንገልጠው የምንፈልገው፣ ሥራ የሚጸናው ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜን በማወቅና በትክክል በመቁጠር መሆኑን ነው። ገንዘብ የሚያስፈልግ ነገር ቢሆንም፣ ጊዜውን ለማያውቅና ለማይቆጥር ሰው የሚሰጥ ገንዘብ በወንፊት እንደ ተቀዳ ውኃ ነው። ለዚህም ምሳሌውን ከሩቅ አገር ሳንፈልግ ከራሳችን አገር፣ ከጋምቤላ እንወስዳለን።

የባሮ ወንዝ ትምህርት

የጋምቤላ ከተማ ከኢሉባቦር ደጋ በሚወርደው በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ናት። ባሮ ከከተማዋ በታች በኢታንግ በኩል አልፎ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ከአገራችን ወንዞች መካከል ለመርከብ ጉዞ በማገልገል የታወቀው ባሮ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወሰን ውል በተዋዋሉ ጊዜ፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ እንዲሰጥ በውሉ ተጻፈ። የቦታው ስፋት ከ400 ሔክታር፣ በወንዙ በኩል ያለው ርዝመትም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለጦርም ሆነ ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል ተወሰነ። በኋላም ጣቢያው በጋምቤላ ቆመ። ከካርቱም የሚነሡ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱም ቡናን፣ ቆዳንና ሰምን ይጭኑ ነበር። ቡናው ከጎሬና ከሰዮ አካባቢ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ወንዙ ዳር ይደርስ ነበር።

አሁን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ባሮ መርከብ የሚያስተናግደው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ውኃው ለመርከብ የሚበቃው በክረምቱ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። በቀሩት ወራት ወንዙ ይጎድላል፤ አሸዋውም ይታያል። እንግዲህ በክረምት የሚሸጥ ቡና በክረምት ተፈልጎ የሚገኝ አልነበረም። ደጋው ዝናብ ሲይዘው መንገዱ ይጨቀያል፤ ወንዞቹም አያሻግሩም። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ በበጋው፣ ወንዙ ባዶ መስሎ በሚታይበት ወራት፣ ቡናውን ይገዛል፤ በቅሎ ይከራያል፤ ጭነቱን አውርዶ በመጋዘን ያከማቻል፤ መዝኖም ይጽፋል። መርከቡ ሲመጣ ሥራው አስቀድሞ ተፈጽሟል። የመርከቡን ፉጨት ሰምቶ መዘጋጀት የሚጀምር ሰው ግን መርከቡ ሲሄድ ቆሞ ይመለከታል። መርከበኛውም ቢሆን ጊዜውን መቁጠር ነበረበት፤ ውኃው መጉደል ከጀመረ በኋላ ትርፍ ጭነት ለመጠበቅ የሚዘገይ መርከብ እስከሚቀጥለው ክረምት አሸዋ ላይ የመቅረት አደጋ ነበረበትና።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ የገበያ ቀን የሥራ መጀመሪያ ሳይሆን የሥራ መታያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ስስት ጊዜን እንደሚያስረሳ ነው። ይህ ሕግ ለመርከብ ብቻ አይደለም። ሥጋ ቤት የሚከፍት ሰው ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩን ለእነዚያ ቀናት ሳያስቀምጥ ቢቀር ጾሙ ድንገት እንደ መጣበት አድርጎ ያማርራል። ሽሮና ምስር የሚነግደው ደግሞ ያንኑ ቀን አስልቶ ዕቃውን በጥር ይገዛል። ሁለቱም የሚያዩት ባሕረ ሐሳብ አንድ ነው፤ የተለያየው ዝግጅታቸው ነው። ዮሴፍም በግብፅ ያደረገው ይኸው ነበር፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት የረኃቡን ሰባት ዓመት አሰበ (ዘፍ. 41)።

ሦስተኛም ትምህርት አለ። የጋምቤላ የወንዝ ንግድ በዚያው ብርታት አልዘለቀም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የመኪና መንገዶች የምዕራቡን ቡና ወደ መሐል አገር ሳቡት። ሱዳንም ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቦቹም እየጠፉ ሄዱ። ኑሮውን ሁሉ በመርከብ ላይ ያቆመ ነጋዴ ከመርከቡ ጋር ቀረ። ስለዚህ ሥራ የሚጀምር ሰው ገበያዬ በአንድ ገዢ፣ በአንድ መንገድ ወይም በአንድ ሁኔታ ብቻ ቆሟልን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከ300,000 በላይ ስደተኞች በጋምቤላ ክልል ተጠልለዋል። ለእነርሱ የሚመጣው እርዳታ ብዙ ንግድ አስነሥቷል። ነገር ግን እርዳታ የሚቀንስበት፣ ስደተኛም ወደ አገሩ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ልንመኘውም የሚገባ ነው። ንግዱን በዚህ ብቻ የመሠረተ ሰው የወንድሙን ወደ ቤቱ መመለስ እንደ ኪሳራ እንዳይቆጥረው ከወዲሁ ሌላ በር ይክፈት።

ከመጀመር በፊት ወጪን መቁጠር

ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደውን ሰው ምሳሌ አድርጎ፣ ለመፈጸም የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ተቀምጦ ሊያሰላ እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28-30)። የዚህን ቃል እውነት በጋምቤላ ሜዳ ላይ በዐይናችን አይተነዋል።

ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በጽጌረዳ አበባ ንግድ በዓለም የታወቀ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል 100,000 ሔክታር መሬት ለ50 ዓመት በኪራይ ተቀበለ፤ ኪራዩም በሔክታር በዓመት 20 ብር ነበር። መሬቱ ሰፊና ለም፣ ኪራዩም ርካሽ፣ መሣሪያውም ብዙ ነበር። ነገር ግን ያ ሜዳ ባሮ በክረምት የሚተኛበት ሜዳ ነው። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወንዙ ሞልቶ የበቆሎውን ሰብል አጠፋው። ኩባንያው ከዚያ ወዲያ መጽናት አቃተው፤ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ከተሰጠው መሬት ያለማው እጅግ ጥቂቱን ነው በማለት ውሉን አፈረሰ።

ይህን የምናነሣው በወደቀው ለመሳቅ አይደለም። አበባን በመስታወት ቤት ማሳደግ አንድ ጥበብ ነው፤ የሚሞላ ወንዝ ዳር እህል ማብቀል ሌላ ጥበብ ነው። የአኝዋክና የኑዌር ሕዝብ ወንዙ የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ጊዜ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ከብቱንም በወራቱ ከቦታ ወደ ቦታ ይወስዳል። ይህ ዕውቀት ከትራክተር በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነበር። በዚያው ዘመን በክልሉ የነበረው የመሬት ኪራይና የመንደር ማሰባሰብ ሥራ በነዋሪዎች ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነሥቶ እንደ ነበረ አይዘነጋም። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ጎረቤት የሚያዝንበት ሀብት መሠረቱ እንደሚናጋ ያውቃል።

አስተውሉ፤ በ1894ቱ ውል ለንግድ የተፈቀደው ቦታ ከ400 ሔክታር አይበልጥም ነበር፤ የወንዙን ጠባይ አውቀው ስለ ሠሩበት ግን የምዕራቡን አገር ንግድ ለብዙ ዘመን አስተናገደ። 100,000 ሔክታሩ ግን አንድ ክረምት ፈተነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ይዞ መጀመር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ያላወቁትን ነገር በሰፊው መጀመር ነው።

ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው እንግዲህ አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፍ። አንደኛ፣ ይህን ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚገዛው ማን ነው? በየትኛው ወር ይገዛል? ሁለተኛ፣ ምንም ሳልሸጥ ስንት ወር መቆየት እችላለሁ? ሦስተኛ፣ ሥራውን ሊያበላሽ የሚችለው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? ጎርፍ ነውን? የመንገድ መዘጋት ነውን? የዕቃ መበስበስ ነውን? አራተኛ፣ ይህን ሥራ ከእኔ በፊት የሠራ፣ ሄጄ የምጠይቀው ሰው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ብድር ባይወስድ ይሻለዋል። በጋምቤላ ማንጎ ሲደርስ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ዋጋው ይወድቃል። ይህን ያየ ወጣት ሌላ የማንጎ ሻጭ ከመሆን ይልቅ፣ ማንጎውን ቆራርጦ ማድረቅ ወይም ወደ ደጋው ገበያ ማድረስ ይቻል እንደ ሆነ በአሥር ኪሎ ብቻ ሊሞክር ይችላል። ቢሳሳት የሚጠፋው አሥር ኪሎ ነው፤ ቢቀናው ግን ሥራ አገኘ።

ቀንን መከፋፈል

ብዙ ሰው ጊዜ አጣሁ ይላል። ነገር ግን ለድኃም ለባለጸጋም ቀኑ እኩል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቀንን ስለ መከፋፈል የምታስተምረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ተብለው የተመደቡት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ሌላም ነገር ያሳዩናል፤ ወሰን የተበጀለት ቀን እንደማይባክን። በነግህ ጸሎቱን አድርሶ የዛሬው ዋና ሥራዬ ይህ ነው ብሎ አንድ ነገር የሚወስን፣ በሠርክም የወሰነውን መፈጸሙን ራሱን የሚጠይቅ ሰው፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል።

አገሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጋምቤላ ቆላ ናት፤ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እንግዲህ ብርታት የሚጠይቀው ሥራ በማለዳ ይሠራ፤ ሒሳብ መጻፍና ደንበኛን ማነጋገር ለቀትሩ ጥላ ይቆይ። ማለዳውን በወሬ አሳልፎ በቀትር ከፀሐይ ጋር የሚታገል ሰው ሰነፍ ባይሆንም የሰነፍ ዋጋ ይቀበላል።

ስለ በዓላት ደግሞ አንድ ቃል እንናገር። በዓል ማክበር ሥራን ያጠፋል የሚሉ አሉ። እኛም በዓሉ የተሠራው ለጸሎት፣ ለዕረፍትና ለምሕረት ሥራ መሆኑን እናስታውሳለን። ከቅዳሴ በኋላ የታመመን የሚጠይቅና ያዘነን የሚያጽናና ሰው በዓሉን አክብሯል። ቅዳሴውን ትቶ ከጠዋት እስከ ማታ በመጠጥ ቤት የሚውል ግን ሥራውንም በዓሉንም አላከበረም፤ የነገውንም ቀን በራስ ምታት ያጠፋዋል። በዓላቱ በባሕረ ሐሳብ አስቀድመው የታወቁ ስለሆኑ፣ አስቦ የሚሠራ ሰው በዋዜማው ሥራውን ይፈጽማል፤ ለደንበኛውም ቀኑን አስቀድሞ ይነግራል።

ሁለት ከረጢትና አንድ መዝገብ

የብዙ ትንንሽ ንግዶች ሞት የሚጀምረው የቤቱ ገንዘብና የሥራው ገንዘብ በአንድ ኪስ ሲገባ ነው። ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰው ከባሮ ዓሣ አጥማጆች በ2,000 ብር ዓሣ ገዝቶ በ2,600 ብር ሸጠ እንበል። 600 ብር አተረፍሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ለመኪና 200፣ ለበረዶ 200፣ ለከረጢትና ለመሸጫ ቦታ 100 ብር ከፍሏል። እውነተኛው ትርፉ 100 ብር ነው። እርሱ ግን 600 መስሎት በዚያ ቀን 300 ብር ለቤቱ አወጣ፤ ስለዚህ 200 ብር ከዋናው ገንዘብ በላ። እንዲህ ሲቀጥል አሥረኛው የገበያ ቀን ሳይደርስ ዋናው ገንዘብ ያልቃል። ሰውየው ሌባ አልሰረቀውም፤ ምቀኛም መተት አላደረገበትም፤ ያጠፋው አለመጻፉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ከረጢት ይኑር፤ አንዱ የሥራው፣ አንዱ የቤቱ። ባለ ሥራው ለራሱ እንደ ተቀጣሪ ልክ ያለው ደመወዝ ይቁረጥ፤ ከዚያ በላይ አይንካ። በየማታው የገባውንና የወጣውን ይጻፍ፤ በየወሩ መጨረሻ ዕቃውን ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የአባቶችን ታሪክ ይመልከት። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረው የአባ ጳኩሚስ ማኅበር መነኮሳቱ በየሙያቸው ተመድበው ምንጣፍና ቅርጫት ይሠሩ ነበር፤ የእጃቸውንም ሥራ በዓባይ ወንዝ በጀልባ ወደ እስክንድርያ ልከው ይሸጡ ነበር፤ በየዓመቱም በነሐሴ ወር ተሰብስበው የሥራቸውን ሒሳብ ያቀርቡ ነበር። ዓለምን የናቁት አባቶች ሒሳብን አልናቁም፤ የማኅበሩ ገንዘብ የአደራ ገንዘብ ነውና።

ዕቁብም በአገራችን የተወደደ የመቆጠቢያ መንገድ ነው። ነገር ግን ዕጣው ሲወጣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ያልተወሰነ ከሆነ፣ ለልብስና ለድግስ ይበተናል። ለሥራ የተጣለ ዕቁብ ለሥራ ብቻ ይዋል። ሥራው ሲሰፋም በሕግ ማቆም ይገባል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የዚህ ጥቅሙ የሥራው ዕዳና የቤቱ ንብረት ተለይተው እንዲታወቁ ማድረጉ ነው፤ ሁለቱን ከረጢት ሕግ ራሱ ለየልን ማለት ነው። ሆኖም ከረጢቱን መልሶ የሚቀላቅል ሰው ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ሚዛንና ጎረቤት

በጋምቤላ ገበያ አኝዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንገሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞውና ከደጋው የመጣው ሰው ይገናኛሉ። ዓሣው፣ በቆሎው፣ የመዠንገር ደን ማርና ቡና፣ ከደጋ የመጣው ጤፍና ቅቤ በአንድ አደባባይ ይውላል። በአካባቢው ግጭት በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚዘጋው ገበያ ነው፤ ሰላም ሲመለስም ሰዎች መጀመሪያ የሚገናኙት በገበያ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚሠራ ነጋዴ ከራሱ ትርፍ በላይ የሆነ አደራ አለበት። ሚዛኑን ያጎደለ ሰው የወሰደው ጥቂት ግራም ብቻ አይደለም፤ የእነ እገሌ ወገን ሌባ ነው የሚል ስም ለወገኑ ሁሉ ይተርፋል። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን መጽሐፍ የሚናገረው በዚህም ምክንያት ነው (ምሳ. 11፥1)።

የገዢውን ቋንቋ መማርም የሥራ መሣሪያ ነው። በደንበኛው ቋንቋ ሰላምታ የሚሰጥና ቁጥር የሚቆጥር ነጋዴ፣ ደንበኛው በአስተርጓሚ እንደማይታለል ስለሚያውቅ ይታመናል። ለሐሙስ የተቀጠረ ዕቃ ሐሙስ ይድረስ፤ የማይደርስ ከሆነ ረቡዕ ይነገር። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚያስይዘው ዋስ ቃሉ ነው፤ ቃሉን ካጠፋ ምን ይዞ ይበደራል?

ለካህናትና ለቤተ ሰብ

የንስሓ አባት የሆናችሁ አባቶች ሆይ፣ ወጣቱ ሥራ ልጀምር ሲል ለምክር ወደ እናንተ ይመጣል። ጸልዩለት፤ ደግሞም መዝገብህን አሳየኝ በሉት። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር አስታውሱት (ሐዋ. 18፥3)፤ እጅን የሚያደክም ሥራ ለክርስቲያን ነውር አለመሆኑን ይረዳል። የሸክላ ሠሪውን፣ የሸማኔውን፣ የቀጥቃጩን ሙያ የሚያዋርድ የቆየ ስድብ በምእመናን አፍ ሲሰማ ገሥጹ፤ ያ ስድብ ብዙ ባለ እጆችን ከሥራ አርቋልና።

ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግም ምከሩ። አባቱ የሞተበት ወጣት የንግዱን ዋና ገንዘብ አንሥቶ፣ ከዚያም ተበድሮ ለብዙ ሰው ድግስ ቢያበላ፣ በዓመቱ እናቱና ታናናሾቹ የሚበሉትን ያጣሉ። ለሙታን የሚጠቅመው ጸሎትና ቅዳሴ፣ ለችግረኛም በአቅም የሚሰጥ ምጽዋት መሆኑን እናንተ ካልነገራችሁት፣ የጎረቤቱን ሐሜት ፈርቶ ሥራውን ይዘጋል። ይህን ቃል ከእናንተ አፍ ቢሰማ ግን ሐሜቱን ይችለዋል።

ወላጆችም ልጃችሁ በሚያዝያ፣ ወንዙ ባዶ ሳለ፣ ጀልባ ሲጠግን ብታዩት ሥራ ፈትቷል አትበሉት። መክሊት የተሰጣቸው አገልጋዮች ጌታቸው በሌለበት ረጅም ጊዜ ነበር የተፈተኑት (ማቴ. 25)። የማይታየው ወራት የሥራው ሥር የሚሰድበት ወራት ነው። በዚያ ወራት የጠገነ፣ የቆጠረ፣ የጻፈና ቃሉን የጠበቀ ሰው፣ ሰኔ ደርሶ ውኃው ሲመጣ ጀልባው ከነጭነቱ ይንሳፈፋል።

የእጃችንን ሥራ እንዲባርክልን፣ ጊዜን የምናውቅበትን ማስተዋልም እንዲሰጠን የእግዚአብሔር ፈቃዱ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።